ነጥቧ የምትቆምባቸው በሮች

አንድ ነጋዴ ነበር። አባቱ ጋሽ ይርዳው የመርሳት ሕመም ይዟቸው፣ ባለፈው ክረምት ከቤት እንደወጡ ጠፍተው በሁለተኛው ቀን ወንዝ ዳር ተገኙ። ነጋዴው በእነዚያ ሁለት ቀናት ሞቶ ነው የተነሳው። ምግባቸውን የምታበስል ሠራተኛ ቢቀጥርላቸውም ልቡ አላረፈም፤ ያሉበትን ቦታ በስልክ የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ ገዝቶ አንገታቸው ላይ አንጠለጠለላቸው። ከዚያ ወዲያ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ ስልኩን ሲከፍት፣ አባቱ አንዲት ቀይ ነጥብ ሆነው ይታዩታል። እፎይ አለ።

እፎይታው ሳምንት አልቆየም። ነጥቧ ጠዋት ጠዋት ትወጣና አንድ በር ላይ ሁለት ደቂቃ ትቆማለች። ቀጥሎ ወዳለው በር ትሄዳለች፤ እዚያም ሁለት ደቂቃ። አንድም በር አትዘልም። ሰውየው ምን ይሆን እያለ ሲያወጣ ሲያወርድ ከረመ። በየበሩ እየቆመ የሚያልፍ ማን ነው? ለማኝ ነዋ! ደሙ ፈላ። እኔ እያለሁ አባቴ እጃቸውን ይዘርጉ? ሰው ምን ይለኛል? የአባቱን ግቢ ሊቆልፍባቸው ትልቅ ጓጉንቸር ገዛ።

ከመቆለፉ በፊት ግን በዓይኔ ልየው ብሎ አንድ ማክሰኞ ከኋላ ከኋላ ተከተላቸው። ጋሽ ይርዳው አንኳኩተው ገቡ፣ አጎንብሰው የውሃ ቆጣሪውን አነበቡ፣ በደብተራቸው ጻፉና አመስግነው ወጡ። ለካስ ሠላሳ ዓመት ቆጣሪ ያነበቡበትን ሰፈር ነው የሚዞሩት! ጡረታ መውጣታቸውን ረሱት እንጂ ሥራውን አልረሱትም። ልጃቸው ይህ እንዴት ሳይመጣለት እንደቀረ ገረመው። እትዬ ሙላቷ የምትባል ጎረቤት አይታው፣ የሰፈሩ ሰው ተነጋግሮ በሩን እንደሚከፍትላቸው፣ መንገድ ሲስቱም እጃቸውን ይዞ እንደሚመልሳቸው አጫወተችው። ነጋዴው በሐፍረት መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

የመጨረሻው በር የራሱ የነጋዴው ነበር፤ ነጥቧን በስልኩ እስከዚያ ድረስ ተከታትሏት አያውቅም። እሱና ሚስቱ ሱቅ ስለሚውሉ ቀን ቀን ሰው የለበትም። ሽማግሌው አንኳኩ፤ ትንሽ ጠበቁና ጻፉ። ልጃቸው ቀረብ ብሎ ምን እንደጻፉ ጠየቃቸው።

«ዝግ ብዬ ነዋ፣ የኔ ልጅ» አሉት፣ ማን መሆኑን ሳያውቁት። «ይኸው እየው፤ ሌላው ቤት ሁሉ ቁጥር አለው፤ የዚህ ቤት ግን ዝግ፣ ዝግ፣ ዝግ። ለመሆኑ ሰው ይኖርበታል? ታውቃቸዋለህ?»

ነጋዴው እንባው መጣ። «አውቃቸዋለሁ አባባ» አላቸውና በሩን ከፈተ። አባቱ ገብተው ቁጥሩን ጮክ ብለው አነበቡ፤ እሱ ጻፈላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነጥቧ ወደ በሩ ስትቃረብ ሱቁን ትቶ ይሮጣል፤ ከፍቶም ይጠብቃቸዋል።

ወዳጆቼ፣ መሣሪያው ምንም ክፋት የለውም። ሰው የት እንዳለ ይነግረናል። ምን ሊያደርግ እንደሄደ ለማወቅ ግን ከመቀመጫ መነሣት ያስፈልጋል። እናንተስ? በስልክ ከሩቅ የምትጠብቁት ሰው ዛሬ በራችሁን ቢያንኳኳ፣ በደብተሩ ላይ ምን ብሎ ይጽፍ ይሆን?