ለንቦቹ ንግግር ያደረገው ሰው

«አንድ ሰው ነበረ፤ ሀብታም ነው፣ ማር ይወዳል፣ ስለ ንብ ግን የሚያውቀው ነገር የለም» አሉ መምህር ይርዳው። ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተምረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ጥያቄውን ያመጣችላቸው ጀማሪዋ አስተማሪ ስንዱ ናት። ክፍሏ ውስጥ አሥራ አንድ ልጆች ጠዋት ጠዋት ያንቀላፋሉ፣ የቤት ሥራ አይሠሩም። «ሰነፎች ናቸው፤ ወደ ታችኛው ክፍል ላውርዳቸው ወይ?» ብላ ነበር። እሳቸው ግን ስለ ሰውየው ቀጠሉ።

ሰውየው አምስት ቀፎ ንብ ገዛና ደረቅ ኮረብታው ላይ አስቀመጠ። ወንድሙ ከወንዝ ማዶ፣ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፣ አትክልት ያለማል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ማር ይቆርጣል። የእኛ ሰው ጥር ላይ ቀፎዎቹን ቢያስከፍት አንዲት ማንኪያ ማር የለም። ደሙ ፈላ።

በማግሥቱ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ቀፎዎቹ ፊት ቆመና ንግግር አደረገ። «የወንድሜ ንቦች ክንፍ አላቸው፤ እናንተም ክንፍ አላችሁ! ምን ጎደለባችሁ?» ንቦቹ መልስ አልሰጡም። ንቀት ነው ብሎ ተቀየማቸው። ቀጥሎ ከወንድሙ የማር እንጀራ አስመጥቶ «እዩና እፈሩ!» ብሎ ደጃፋቸው ላይ ሰቀለው። በአንድ ጠዋት ልሰው ጨረሱት። «ለካ ሌቦችም ናቸው!» አለ። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም።

ጭስ ንብን ሥርዓት ያስይዛል ሲባል ሰምቶ ጠዋትና ማታ ያጥናቸው ጀመር። የአንደኛው ቀፎ ንብ ጥሎት ኮበለለ። ያን ጊዜ ሰውየው ደነገጠ፤ የቀሩት አራቱም ሊሄዱበት ነው።

በዚያው ሰሞን አማቱ ሊጠይቁት መጡ። አሮጊቷ ዱካቸውን ይዘው ቀፎው አጠገብ ተቀመጡ፤ ምንም ሳይሠሩ አረፈዱ። ሰውየው በሆዱ «እሳቸውም ሰነፉ» አለ።

«ልጄ፣ ንቦችህ ሲመለሱ አይተሃቸው ታውቃለህ?» አሉት።

«ሲወጡ ነው እንጂ የማያቸው፤ የሚያረፍደውን ለመያዝ።»

«በል አሁን ሲመለሱ እያቸው። እግራቸው ላይ የአበባ ዱቄት የሚባል የለም። አበባ በሌለበት አገር ሲንከራተቱ ውለው ባዷቸውን ይገባሉ።»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ አየ። እውነትም ባዶ ናቸው። አፈረ፣ አሳዘኑትም። አሮጊቷ ግን ኀዘኑን አልጠበቁም፤ ጓዳ ገብተው በአበባው ዱቄት ፈንታ በሶውን አወጡ፣ ለራሱ የደበቃትን ማር በውሃ በጥብጠው ይዘው መጡ።

«እማማ! ማር እንዲሰጡኝ ገዝቼ እኔው ማር ልስጣቸው?»

«አዎ። መጀመሪያ አንተ።»

ዝናብ እስኪጥል ድረስ በየጠዋቱ አቀረበላቸው። መስከረም ሜዳው አበበ፣ በኅዳር ማር ቆረጠ። ንግግር ማድረጉን እንኳ እስከ ዛሬ አልተወም፤ ብቻ አሁን «እንዴት አደራችሁ?» ነው የሚላቸው።

መምህር ይርዳው ወደ ስንዱ ዞሩ።

«አትቀየሚኝ ልጄ፣ ሰውየው አንቺ ነሽ። እኔም ሃያ ዓመት ሙሉ እሱን ነበርኩ፤ ስንቱን ልጅ በጭስ አባረርኩት። ከነገ ጀምሮ በሩ ላይ ቁሚና ሲገቡ እያቸው። ማን ቁርስ እንዳልበላ፣ ማን ውሃ ስትቀዳ አድራ እንደመጣች ፊታቸው ይነግርሻል።»

«በእኔ ደሞዝ አሥራ አንድ ልጅ ላበላ ነው መምህር?»

«ብቻሽን ቻይው አላልኩም። ወላጆችን ሰብስቢ፤ እፍኝ በሶ የሚነፍግሽ የለም። ቤቱ መብራት የሌለው ልጅ የቤት ሥራውን እዚሁ ሠርቶ ይሂድ። ደብተር የሌለውን ደግሞ በሰው ፊት አትጠይቂው፣ በእግዚአብሔር! ንብ ሲከፋው ይናደፋል። ልጅ ግን ዝም ብሎ ያንቀላፋል፤ እኛም ሰነፍ ብለን እንጽፈዋለን። ወደ ታችኛው ክፍል ላውርዳቸው ነው ያልሽኝ? አውርጃቸው። ረሃቡም አብሯቸው ይወርዳል።»