አያ ጅቦ የቆፈረው መሠረት

አንድ ጊዜ፣ መሬቱ በበጋ አፉን ከፍቶ በክረምት በሚዘጋበት በአንድ የዋልካ ሜዳ ላይ፣ ጭራዋ እኩሌታ የሆነ አህያ ትኖር ነበር። ጭራዋ ድሮ ሙሉ ነበረ። ባለፈው ክረምት ግን ጥቁሩ ዋልካ ዝናቡን ጠጥቶ ሲያብጥ የጭቃ ቤቷን ከማዕዘኑ ሰነጠቀው፤ አያ ጅቦም በስንጥቁ አፉን አስገብቶ ያገኘውን ነከሰ። ያገኘው ጭራዋን ነበር። በማግስቱ ጎረቤት ሊጠይቃት ሲመጣ አህያ «ተመስገን፣ እንኳን ጭራዬ ሆነ» አለች። እንዲህ ናት፤ ከመጥፎ ነገር ውስጥ የሚመሰገን ፈልጋ ሳታገኝ አታድርም።

ዘንድሮ ግን ነገሩ በጭራ የሚያልቅ አልነበረም። አህያ አርግዛለች፤ የምትወልደውም ዝናቡ በሚበረታበት በክረምቱ እኩሌታ ነው። አዲስ የተወለደ ውርንጭላ ሮጦ አያመልጥ፣ ተራግጦ አይከላከል። ለእሱ የማይሰነጠቅ ቤት ያስፈልገዋል። ድንጋያማው ጋራ ላይ ወጥታ እንዳትሠራ፣ ዋሻውን ሁሉ ጅቦች ይዘውታል። ሣሩም ውሃውም ያለው ሜዳው ላይ ነው። ስለዚህ ምርጫ አልነበራትም፤ ቤቱ የሚሠራው እዚያው ዋልካው ላይ ነው።

አህያ ዕድሜዋን ሙሉ ለከተማ ግንበኞች ስትሸከም ኖራለች። በጀርባዋ ያላለፈ አሸዋ፣ ያላለፈ ጠጠር፣ ያላለፈ ሲሚንቶ የለም። አርማታ ሲቦካ አይታለች፤ ደርቆ መዶሻ ሲመልስም አይታለች። ከዚያ ሁሉ የያዘችው ትምህርት አንድ ነበር፤ አርማታ ካለ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። ሸክሙን ያወቀ ሥራውንም ያወቀ ይመስለዋል፤ እሷም እንዲሁ መሰላት። ግንበኞቹ የተረፋቸውን አልከለከሏትም። ሲሚንቶውንም፣ የፌሮ ብረት ቁርጥራጩንም ቀስ በቀስ እያመላለሰች ከሜዳው መሐል ከመረችና ደቦ ጠራች።

በዚያ ሜዳ የደቦ ሕግ የታወቀ ነው። እረዳለሁ ብሎ የመጣ ሂድ አይባልም፤ ሥራው እስኪያልቅም ድረስ ማንም በማንም ላይ ጥርሱን አይገልጥም። ይህን ሕግ ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው አያ ጅቦ ነበርና ከሁሉ ቀድሞ እያነከሰ መጣ። ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል ይባል የለ?

«እመት አህያ፣ ቤት ልትሠሪ ነው አሉ» አለ፤ ዓይኑን ከሆዷ ላይ መንቀል አቅቶታል።

«አዎ፣ ልሠራ ነው፣ አያ ጅቦ።»

«ቆፋሪ አጥተሻል አሉ።»

«ምን ላድርግ? ሰኮና ለመሸከም እንጂ ለመቆፈር አልተፈጠረም።»

«ታዲያ ጎረቤት ለመቼ ነው? መሠረቱን ለእኔ ተዪው።»

አያ ጅቦ መሬቱን በጥፍሩ ቧጨረው። በጋ ነውና ዋልካው ደርቆ ክው ብሏል፤ ጥፍሩ ላይ ከተንጫጫ በቀር ንቅንቅ አላለም። «ይኸው!» አለ ደስ ብሎት። «ድንጋይ ነው። ድንጋይ ምን ይቆፈራል? እኔ ከላይ ከላይ ልቧጭረው፣ አንቺ አርማታሽን አፍስሺበት። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ይሆናል።»

«እኔም ያሰብኩት እንደዚሁ ነው» አለች አህያ፤ በልቧም፣ ጅብ ቢሆንም ክፋቱ ለካ እንደሚወራው አይደለም ብላ አመሰገነችው። ጅብና አህያ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያን ጊዜ ነበር መጠርጠር። አያ ጅቦ ሰኮና የማይሸፍን ቦይ ዙሪያውን ቧጭሮ ከግራሩ ጥላ ሥር ተጋደመ። ሞኝ ነው፤ ነገር ግን ባለፈው ክረምት ጭራ የበላበትን ስንጥቅ የሚረሳ ዓይነት ሞኝ አይደለም። የሆድ ነገር ሲሆን ያስታውሳል።

አህያ የቀረውን አሸዋ ከወንዝ ልታመጣ ሄደች። ስትመለስ፣ ቤቷ ሊሠራበት ካለው ቦታ ጥቂት ፈንጠር ብሎ የፊት እግሯ ድንገት ወደ ታች ወረደ። ዋልካው በፀሐይ ተሰንጥቆ በሣር የተሸፈነ ስንጥቅ ነበር። እግሯ እስከ ጉልበቷ ገባ፤ አሸዋው በአንገቷ በኩል ፈሰሰ። ሆዷ ከመሬት እንዳይጋጭ በሦስት እግሯ ተንጠራርታ ቆመች። ላለመደንገጥ ሞከረች፤ ግን ደነገጠች። ለራሷ አልነበረም።

«አትንቀሳቀሺ» አለ አንድ ድምፅ ዳር ካለው የማሽላ አገዳ መሐል። ቀበሮ ነበር። ጠርዙን በጥፍሩ እየፈረፈረ ስንጥቁን አሰፋላትና እግሯን ቀስ አድርጋ አወጣችው። ቁርጭምጭሚቷ ተልጧል እንጂ አልተሰበረም።

«ተመስገን፤ አንተንም እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

«ምስጋናውን አቆዪው፤ ገና አልጨረስኩም» አለ ቀበሮ። ቀበሮ ያለ ጉዳዩ አይደክምም፤ ይህን አህያም ታውቃለች። አንድ ረጅም የማሽላ አገዳ አንሥቶ ወደ ስንጥቁ ሰደደው። አገዳው ገባ፣ ገባ፣ ጫፉ ብቻ ሲቀር ቆመ። «አየሽ ጥልቀቱን? ክረምት ሲገባ ይሄ ስንጥቅ የት ይሄዳል?»

«ይዘጋል።»

«ማን ይዘጋዋል?»

«ዋልካው ነዋ፤ አብጦ።»

«ይህን ሁሉ የሚዘጋ እብጠት፣ ከላይ የተኛበትን አርማታ ምን ያደርገዋል?»

አህያ ወደ ቤቷ ቦታ አየች። አያ ጅቦ የቧጨራት ቦይ ከሩቅ የዶሮ ጭረት ትመስላለች። ባለፈው ክረምት የጭቃ ግድግዳዋ ሲሰነጠቅ የሰማችው ድምፅ ትዝ አላት። «ያነሣዋል» አለች። «በአንድ በኩል ያነሣና በሌላው ይተወዋል። ከዚያ ይሰብረዋል። እኔ ሞኟ ደግሞ ሲሚንቶ ልጨምርበት ነበር ያሰብኩት።»

«እኔስ ዋልካን እንዴት ያወቅሁት ይመስልሻል? በየክረምቱ ጉድጓዴን እየደፈነብኝ ነው። ከእሱ ጋር ግብግብ የገጠመ ሁሉ ወድቋል። ከእሱ በታች ውረጂ። አገዳው የቆመበትን አልፈሽ ስትወርጂ ነጣ ያለ መሬት አለ፤ ያ በጋ ከክረምት አይለወጥም። ምሰሶዎችሽን እዚያ አቁሚ። ምሰሶዎቹን የሚያያይዘውን ማሰሪያ ደግሞ ዋልካው ላይ አታስተኚው፤ ከሥሩ ገለባ ጎዝጉዢ። አርማታው ሲጠና ገለባው ይበሰብሳል። ዋልካው ሲያብጥ ያ ክፍት ቦታ ይበቃዋል። መንገድ ልቀቂለት እንጂ አትግፊው።»

«አንተስ ምን ትፈልጋለህ?» አለች አህያ።

ቀበሮ ሳቀ። «ከወለልሽ ሥር በዋልካው ፋንታ በሚሞላው ገረጋንቲ፣ በማያብጠው ጠጠራማ አፈር ውስጥ፣ ለእኔ የምትበቃ አንዲት ደረቅ ጉድጓድ።»

«ትሁንልህ። ግን ያን ያህል ጥልቀት ማን ይቆፍራል?»

«ቆፋሪሽማ ጥላ ሥር ተኝቷል» አለ ቀበሮ።

አያ ጅቦ ከእንቅልፉ የነቃው ቀበሮ በጆሮው ስለ አጥንት ሲያወራ ነው። «ድሮ አንድ በሬ እዚህ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል ይባላል» አለ ቀበሮ ለራሱ የሚያወራ መስሎ። «ከቤቱ ማዕዘኖች ከአንዱ ሥር ነው አሉ። የትኛው እንደሆነ ግን እንጃ። ጥልቅ ነው፤ ነጩ መሬት ድረስ ነው። ይህን የሚችል ጉልበተኛ ዛሬ ከየት ይመጣል?»

አያ ጅቦ ተነሥቶ ወደ አንዱ ማዕዘን ሮጠ፤ አፈሩ ወደ ኋላው ሲበተን ብቻ ታየ። ድንጋይ ነው ያለው ዋልካ በእጁ እንደ ቆሎ ተፈረፈረ። ነጩ መሬት ላይ ሲደርስ ጭንቅላቱን አወጣ።

«የለም!»

«እንግዲያው በወዲያኛው ማዕዘን ነው» አለ ቀበሮ።

ወዲያኛውንም ቆፈረ። እዚያም የለም። ሦስተኛውን ሲጀምር ምላሱ ወጥቶ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል። አህያ ዳር ቆማ ታያለች፤ ደስታዋ ግን ሙሉ አልሆነላትም። ለልጇ የሚሆነው ጉድጓድ እየጠለቀ ሲሄድ ልቧ ያርፋል፤ ያ ምላስ ሲንጠለጠል ደግሞ ሆዷ አይችልም። ጠላት ቢሆንም ደቦ ገብቷል፤ ደቦ የገባ ደግሞ ሳይበላ አይሸኝም። ይህን የአባቶቿን ወግ በገዛ መሠረቷ ላይ ልታፈርስ ነው?

ፈጠን ብላ ወደ ከተማው ወረደች። ከሥጋ ቤቱ ጓሮ የተጣለ አንድ የበሬ ጭን አጥንት አነሣች፤ ሥጋ እንኳ ጫፉ ላይ ቀርቶለታል። አህያ አጥንት በአፏ ይዛ ስትሄድ ያዩት የከተማ ውሾች መጮኽ እስኪረሱ ቆመው አዩዋት። ስትመለስ አያ ጅቦን አራተኛው ጉድጓድ አፍ ላይ ትንፋሹን ለመሰብሰብ ተዘርሮ አገኘችው። በጀርባው በኩል አልፋ አጥንቱን ወደ ጉድጓዱ ጣለችና ትንሽ አፈር በእግሯ ገፋችበት።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ቀበሮ በሹክሹክታ።

«ውሸትህን እውነት እያደረግሁልህ ነው» አለች።

ትንሽ ቆይቶ ከጉድጓዱ ውስጥ ሜዳውን ያናወጠ ሳቅ ተሰማ። አያ ጅቦ አጥንቱን ነክሶ ወጣ። «አላልኳችሁም? አላልኳችሁም?» እያለ ወደ ጋራው ሮጠ፤ ምንም እንዳላላቸው ትዝ ያለው አልነበረም።

በማግስቱ ደቦው ተሟላ። በሬ ጠጠር ጎተተ፤ ጦጣ ፌሮውን አጠላልፋ አሰረች፤ ዝንጀሮዎች አርማታውን አቡክተው በየጉድጓዱ ሞሉ። በምሰሶዎቹ ዙሪያና ከወለሉ ሥር ዋልካውን አንሥተው ገረጋንቲ መለሱበት። ከማሰሪያው ሥር ገለባ ተጎዘጎዘ። ውሃ መሠረቱ ዘንድ እንዳይተኛ ዙሪያውን ቦይ ተቀየሰለት። ጦጣ ለጌጥ ብላ ከግድግዳው ጥግ ባሕር ዛፍ ልትተክል ስትል ቀበሮ ከለከላት፤ «ይሄ መሬቱን በአንድ በኩል መጥጦ ያደርቀዋል፤ ራቅ አድርጊው» አለ። አህያም አርማታው በፀሐይ እንዳይሰነጠቅ ከወንዝ ውሃ እየተሸከመች አጠጣችው። የድንጋይ ግድግዳው ቆመ፤ ጣራው ተከደነ፤ በሩም ወፍራም ሆነ።

ክረምቱ መጣ። ዋልካው ጠጣ፣ ጠጣ፣ አበጠ። የሜዳው አጥር ሁሉ ተንጋደደ። አህያ በየጠዋቱ ግድግዳዋን በአፍንጫዋ እየዳሰሰች ትዞር ነበር፤ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ እንኳ አጣች። ዝናቡ በበረታበት ሰሞን ወለደች። ውርንጭላው እግሮቹ ከሰውነቱ የበዙ ነበሩ፤ ደረቅ ገለባ ላይ አስተኛችውና ላሰችው።

ያን ዕለት ወደ ማምሻው ላይ ከውጭ የሚያሸት አፍንጫ ሰማች። አፍንጫው ከአንደኛው ማዕዘን ተነሣ፣ ወደ ሁለተኛው ሄደ፣ በግድግዳው ሥር ተንፏቀቀ። የደቦው ሕግ ካለቀ ቆይቷል። አህያ በልጇና በግድግዳው መካከል ቆመች። አርማታውን ብታምነውም፣ ይህ ግን የልጇ ነገር ነው። አፍንጫው አራቱንም ማዕዘን ዞሮ በሩ ፊት ቆመ።

«አያ ጅቦ፣ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ስንጥቅ እየፈለግህ ነው?»

«እየፈለግሁ ነው» አለ፤ መዋሸት እንኳ አልመጣለትም።

«የለም። እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ ጅቦ።»

«ለምኑ?»

«ለጉድጓዶቹ። አጥንት ስትፈልግ የቆፈርካቸው፣ ዛሬ ቤቴ የቆመባቸው ናቸው። አንተ ነጩ መሬት ድረስ ባትወርድ ኖሮ ዛሬ ግድግዳዬ ተከፍቶልህ ነበር።»

 አያ ጅቦ ሲያስብ ዝናቡም የቆመ ይመስላል። በመጨረሻ «እንግዲያው የሠራሁት እኔ ከሆንኩ እኩሌታው የእኔ ነው!» አለ።

«ነው እንጂ» አለች አህያ። «ከመሬት በታች ያለው እኩሌታ ያንተ ነው። ማንም አይነካብህም።»

አያ ጅቦ ድርሻ በማግኘቱ ረክቶ በጭቃው ውስጥ ሄደ። ጋራው ሥር ሲደርስ ቆም አለ፤ አንድ ነገር ያልገባው ይመስል ወደ ኋላ ዞሮ አየ፤ ከዚያ መንገዱን ቀጠለ።

ከወለሉ ሥር የቀበሮ ሳቅ ተሰማ። «እመት አህያ፣ የእውነትሽን ነው ያመሰገንሽው ወይስ ቀልደሽበት ነው?»

አህያ ከልጇ አጠገብ ተኛች። ውርንጭላው በእንቅልፍ ልቡ እኩሌታ ጭራዋን ይጠባል። «የእውነቴን ነው» አለች። «ጭራዬን የበላው ጥርሱ ነው፤ ልጄን ያተረፈልኝ ደግሞ ጥፍሩ። ጥርሱን አልረሳም፤ በሬም ወፍራም ነው። ጥፍሩን ግን አልክድም።»

ከዚህ የምንማረው፣ ከላይ የሚታየውን ከማጠንከራችን በፊት ከሥር ያለውን መሬት መርምረን ጠባዩን ማወቅና መንገድ መልቀቅ እንደሚገባን፣ ቤታችን ጸንቶ ሲቆምም ለመሠረቱ የደከመውን፣ ጠላት እንኳ ቢሆን፣ ምስጋና እንዳንነፍገው ነው።