«አስረዳ» የተባለው ገበሬ

አንድ ገበሬ ነበረ። ሜላት፣ የፈተና ወረቀትሽን ይዘሽ መጥተሽ የጠየቅሽኝን አልዘለልኩትም፤ «የማውቀውን ሁሉ ጽፌ እንዴት ወደቅሁ?» ነው ያልሽኝ። መልሱ ያለው ከዚህ ገበሬ ዘንድ ስለሆነ መጀመሪያ የእሱን ነገር ስሚ።

ገበሬው ወንድአፍራሽ ይባላል። መሬቱ ብዙ አልነበረም፤ ንግግሩ ግን ለአገር የሚተርፍ ነበር። ሰርግ ሲሆን ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ እሱ እስኪናገር ይጠብቃሉ። የተጣሉ ሲታረቁ ነገሩን ከሥሩ አንስቶ የሚያወጋው እሱ ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ ስለ ሟቹ ሲያወራ፣ ሟቹን በሕይወት ሳለ ያልወደደው ሰው እንኳ እንባው ይመጣል። ይህን እሱም ያውቀዋል፤ አይኮራበትም ነበር ማለት አይቻልም።

ወንድአፍራሽ ከአባቱ የወረሳት አንዲት ማሳ ወንዝ ዳር ነበረችው። የተቀረው መሬቱ ድንጋያማ ነው፤ እሷ ግን ክረምቱ ካለፈ በኋላም እርጥበቷ ስለማይጠፋ በበጋ ጭምር ታበቅላለች። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ የሚበሉት ከእሷ ነው። ሚስቱ የሻረግም ገበያ ወስዳ ጨውና ልብስ የምትገዛበት እህል ከዚያችው ማሳ የሚገኝ ነበር። አጠገቧ ያለው ሰፊ እርሻ የአንድ ሀብታም ሰው ነው።

አንድ ክረምት ወንዙ ሞልቶ እርሻውን ሁሉ አጥለቀለቀው። ጎርፉ ሲጎድል ሀብታሙ ሰው የድንበሩን ድንጋዮች አስነቀለና በሬዎቹን አግብቶ ከወንድአፍራሽ ማሳ እኩሌታውን አረሰው። ወንድአፍራሽ ሄዶ ሲጠይቀው፣ ድንበሩ ድሮም እዚህ ነበር፣ ድንጋዮቹን የወሰዳቸው ጎርፉ እንጂ እኔ አይደለሁም አለ። ሽማግሌ ገባ፤ ሀብታሙ አልሰማም። በመጨረሻ ወንድአፍራሽ ከሰሰ።

ያን ጊዜ ክርክር በቃል ነበር። ዳኛው ጥቂት የሚናገሩ፣ ሰው ሲናገር የማያቋርጡ ሰው ነበሩ። ሁለቱንም በየተራ ሰሟቸው። ከዚያም ቀጠሮ ሰጡና ወደ ወንድአፍራሽ ዘወር ብለው፣ «በቀጠሮው ቀን ድንበሩ አንተ እንዳልከው መሆኑን አስረዳ» አሉት።

ወንድአፍራሽ ይህን ሲሰማ ደስታውን መደበቅ አቃተው። እጅ ነስቶ ሲወጣ የሚራመደው እንደ ረታ ሰው ነበር። ተናገር ቢሉት እሱን የሚያህል በዚያ አገር የት አለና ነው! ሀብታሙ ሰው ሁለት ቃል አቀናብሮ መናገር የማይችል፣ ሲቆጣ የሚንተባተብ ነው። ወንድአፍራሽ መንገዱን ሁሉ በልቡ ንግግሩን ሲያበጅ ሄደ።

ቤቱ ገብቶ የሆነውን ለየሻረግ ነገራት። እሷም አዳምጣ ስታበቃ፣ «አስረዳ ሲሉህ ምን አድርግ ማለታቸው ነው?» ብላ ጠየቀችው።

ሳቀባት። «አስረዳ ማለት አስረዳ ነው። ይህ ደግሞ ፍቺ ያስፈልገዋል?» አላት።

ነገሩ ግን ከየሻረግ ልብ አልወጣም። ውላ አድራ፣ ድንበሩ ሲተከል የነበሩትን ሽማግሌዎች ይዘሃቸው ብትሄድ ምናለበት አለችው። ከአባቱ ጋር ሆነው ድንጋዮቹን ከተከሉት ሰዎች ሁለቱ ገና በሕይወት ነበሩ። አንደኛው አያ ድልነሳሁ ይባላሉ፤ ዓይናቸው ቢደክምም ልባቸው አልደከመም፤ የትኛው ድንጋይ ከየትኛው ዛፍ ትይዩ እንደተተከለ በቃላቸው ይናገራሉ። ወንድአፍራሽ ሐሳቡን ወደደው። ወደደው ስልሽ ግን ለምስክርነት አስቦ አልነበረም፤ እንዲህ ያሉ የተከበሩ ሰዎች አብረውት ቢታዩ ግርማ ይሆኑኛል ብሎ ነው።

እስከ ቀጠሮው ድረስ ሥራው ንግግሩ ሆነ። በሬዎቹን ተከትሎ ሲያርስ ይናገራል። ጫካ ገብቶ እንጨት ሲፈልጥ ይናገራል። አባቱ ያን መሬት ሲመነጥሩ እጃቸው እንዴት እንደደማ፣ እናቱ እሱን አዝላ ለአራሾች ምሳ እንዴት ታመላልስ እንደነበር፣ ጎርፉ የመጣ ዕለት ሰማዩ ምን እንደሚመስል፣ ሁሉንም በየቦታው ሰካው። የቱ ጋ ድምፁን ዝቅ እንደሚያደርግ፣ የቱ ጋ ትንሽ ዝም እንደሚል ሳይቀር ወሰነ።

ቀኑ ደረሰ። አያ ድልነሳሁ በበቅሎ፣ ሌላው ሽማግሌ በእግር አብረውት ሄዱ። ችሎቱ የሚሰየመው ትልቅ ዳስ ውስጥ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ቦታ ስላጡ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሀብታሙ ሰው ከፊት ቆሟል፤ አቀርቅሮ መሬት መሬቱን ያያል። እነዚያን ሁለት ሽማግሌዎች ሲገቡ አይቷቸው ነበርና ነገር እንዳበቃለት አውቋል።

ወንድአፍራሽ ተናገረ። ሜላት፣ እንዲያ ያለ ንግግር በዚያ ዳስ ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም ይላሉ የነበሩት። ሌላ ጉዳይ ይዘው የመጡ ባለጉዳዮች የራሳቸውን ረስተው ያዳምጡት ጀመር። አባቱ መሬቱን ሲመነጥሩ ያለውን ሲያወጋ አንዲት ሴትዮ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። የችሎቱ ጸሐፊ መጻፉን ትቶ ቀና ብሎ ያየው ነበር። ዳኛውም አንዴ እንኳ አላቋረጡትም። ፀሐይ ከፍ አለች፤ እሱ ገና ከጎርፉ አልደረሰም።

በመጨረሻ ጨረሰ። ዳኛውም፣ «ሌላ የምታቀርበው አለህ?» ብለው ጠየቁት።

ይህን ጊዜ አያ ድልነሳሁ በር ላይ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ። የሚጠሩ መስሏቸው ነበር። ወንድአፍራሽ ዘወር ሲል አያቸው። ደንገጥ አለ፤ እኚህ ሰውዬ አሁን መናገር ቢጀምሩ፣ በዚያ በሚንቀጠቀጥ ድምፃቸው ስለ ዛፍና ስለ ድንጋይ ቢያወሩ፣ የንግግሬን ጣዕም ያጠፉብኛል ብሎ ፈራ። እጁን ዝቅ አድርጎ ይቀመጡ ብሎ ምልክት ሰጣቸው። ሽማግሌው ዓይናቸው ቢደክምም እጁን አዩት፤ ተቀመጡ።

«ጌታዬ፣ የቀረኝ የለም» አለ ወንድአፍራሽ።

ዳኛው ለጸሐፊው አንድ ነገር አስጻፉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ ከሳሽ ድንበሩን ማስረዳት ስላልቻለ ተረትቷል፣ ተከሳሽ መሬቱን እንደያዘ ይቀመጥ ብለው ፈረዱ።

ሀብታሙ ሰው ራሱ ክው አለ። የሰማውን ማመን አቅቶት አንዴ ዳኛውን፣ አንዴ ወንድአፍራሽን ያያል። ጸሐፊው ብዕሩን እንደያዘ ቀረ። ወንድአፍራሽ ግን ገና አልገባውም ነበር። ዳኛው ስሙን አሳስተው የእሱን ለዚያ፣ የዚያን ለእሱ የተናገሩ መሰለው። ቀስ እያለ ሲገባው የዳሱን ምሰሶ ያዘ። ያን ሁሉ ሲናገር ያልደረቀው አፉ አሁን ደረቀ።

«ጌታዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሳስረዳ አይደለም እንዴ የቆየሁት?» አለ።

«ስትናገር ነው የቆየኸው» አሉት ዳኛው። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «እዚህ ችሎት ላይ አስረዳ ማለት ምስክርህን አቅርበህ አረጋግጥ ማለት ነው። ንግግርህ ልቤን ነክቶታል፤ እውነትህን ነው ብዬም አስባለሁ። ነገር ግን ሰው አሳምሮ ስለተናገረ መሬት ብሰጠው፣ መናገር የማይችለው ድሃ ነገ ወደ ማን ይሄዳል?»

«ምስክሮቼ እኮ እነዚያው ናቸው» ብሎ በጣቱ ወደ በሩ አመለከተ።

ዳኛው ወደ በሩ አዩ። ሁለቱን ሽማግሌዎች ባዩ ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ፤ እሳቸውም እንደ ሌላው ሰው ደነገጡ። ከዚያ፣ ሌላ አለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁህ፣ የለም አልከኝ፣ ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ምስክር አይሰማም አሉና ቀጣዩን ባለጉዳይ አስጠሩ።

ሲመለሱ ግማሽ መንገድ ላይ አያ ድልነሳሁ በቅሏቸውን አቁመው፣ «ያን ድንጋይ ከአባትህ ጋር ተሸክሜ የተከልኩት እኔ ነኝ። ልናገር ተነሣሁ፤ አንተ አስቀመጥከኝ» አሉት።

ይግባኝ ብሎ ወደ በላይ ዳኛ ሄዶ ነበር። እዚያም የታች ችሎት ጸሐፊ የጻፈው ተነበበና ምስክር እንዳልተሰማ ታየ፤ ፍርዱ ጸና። በሚቀጥለው ክረምት ሀብታሙ ሰው የወሰደውን የማሳዋን እኩሌታ ጤፍ ዘራበት። የሻረግ አንድም ቀን «ነግሬህ ነበር» አላለችውም፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ ጎዳው። ከዚያ በኋላ አንድ ሰርግ ላይ እንዲናገር ተነሥ ቢሉት ተነሣ፤ ቆመ፤ ሰው ሁሉ ጠበቀው፤ አንድ ቃል ሳይወጣው ተመልሶ ተቀመጠ።

እንግዲህ ሜላት፣ ይህ ሰው ያጣው እውነት አይደለም፤ እውነቱ የራሱ ነበር። ማስረጃም አላጣም፤ ራሱ ይዞት መጥቷል። እውቀት አነሰው እንዳንል የሚያውቀውን ሁሉ ተናግሯል። የጎደለው አንዲት ነገር ናት፤ ምን አድርግ እንደተባለ አላወቀም። አለማወቁንም አላወቀም። ዳኛው የማያውቀውን የግእዝ ቃል ቢናገሩ ኖሮ ምን ማለት ነው ብሎ ይጠይቅ ነበር። «አስረዳ» ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲሰማው የኖረ ቃል ነው፤ ስለዚህ አልጠየቀም።

ወረቀትሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ደጋ የጻፍሽው የሚያሳፍር አይደለም፤ ስለ ቆላ የጻፍሽውም እንዲሁ። ጥያቄው ግን የሚለው «ደጋንና ቆላን አነጻጽሩ» ነው። ማነጻጸር ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ በዚህ ይመሳሰላሉ፣ በዚያ ይለያያሉ ማለት ነው። አንቺ ደጋን ለብቻው፣ ቆላን ለብቻው አስቀመጥሻቸው፤ በወረቀትሽ ላይ ሁለቱ አንድም ቦታ አልተገናኙም። «የአፈር መሸርሸርን መንስኤዎች ዘርዝሩ» ላለሽ ደግሞ አንዱን መንስኤ ይዘሽ ገጹን ሞላሽው። የቀሩትን እንደምታውቂያቸው እኔ አውቃለሁ፤ ክፍል ውስጥ ስትመልሺ ሰምቻለሁ። ወረቀቱ ላይ ግን የሉም፤ እኔም በሌለው ላይ ማርክ አልሰጥም። የመጨረሻው ጥያቄ «ገምግሙ» ይላል። እዚያ ላይ መጽሐፉ ያለውን አሳምረሽ ደግመሽ ጻፍሽ። ይህ መግለጽ ነው። ገምግሚ ስትባዪ ጥሩውንም ጉድለቱንም መዝነሽ፣ ሚዛኑ ወዴት እንዳጋደለ ከነምክንያቱ የራስሽን ፍርድ መስጠት አለብሽ።

ውጤትሽን ስታዪ ፊትሽ እንዴት እንደሆነ አይቻለሁ። ያ ድንጋጤ ክፉ አይደለም። ገበሬው የደነገጠው መሬቱ ከሄደ በኋላ ነው፤ አንቺ የደነገጥሽው ገና ዋናው ፈተና ሳይመጣ ነው።

እንኪ ይህን ጥያቄ። ብዕርሽን አስቀምጪው፤ መልሱንም ለጊዜው ተይው። አንብቢና ምን አድርጊ እንደሚልሽ ብቻ ንገሪኝ።