ገሣ የለበሰው የዱባ አበባ

ኑማ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ተረት ይዤ መጥቻለሁ። «አምጪው!» በሉኝ እንጂ! አዎ፣ እንዲህ ነው።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳውም ዕቃውም አፍ በነበረው ዘመን፣ አያ ዝንጀሮ የሚባል አገር ያወቀው የማሳ ሌባ ነበር። የሰው በቆሎ፣ የሰው ሽምብራ ሲዘርፍ ኖሮ ኖሮ፣ አንድ ክረምት ገበሬዎቹ ውሻ አበዙና መግቢያ አጣ። ልጆቹ ተራቡ። ሚስቱ እመት ትርንጎ፣ «በል እንግዲህ አንተም እንደ ሰው ዝራ!» አለችው። እያጉረመረመ ጓሮው ውስጥ ዱባ ተከለ።

ነሐሴ ሲያልቅ ጓሮው በቢጫ አበባ ተጥለቀለቀ። ትርንጎ ልጆቿን አበባው አጠገብ አስቀምጣ፣ «አይዟችሁ፣ ይሄ ሁሉ ዱባ ይሆናል» ትላቸዋለች። ደስታዋን አልቻለችም፤ «ኑ አበባዬን እዩልኝ!» ብላ ጎረቤቱን ጠራች።

ዝንጀሮ ግን እንቅልፍ አጣ። ሌባ ሲባል ለኖረ ሁሉም ሌባ ይመስለው የለ?

መጀመሪያ ቢራቢሮ መጣች። «ውይ ሲያምር!» አለች።

«ቱፍ ቱፍ ሳትዪ? በዓይንሽ ልትበዪብኝ ነው! ውጪ!» ብሎ አባረራት።

ቀጥሎ አያ ጉሬዛ መጣ። ጨዋ ነው፤ ቢራቢሮ ላይ የደረሰውንም ሰምቷል። «ቱፍ! ቱፍ! ከዓይን ያውጣው» አለ።

«አበባዬ ላይ ትተፋለህ? ውጣ!» ብሎ አባረረው።

በመጨረሻ ንብ መጣች። አላደነቀች፣ አልተፋች፤ ሥራዋን ጀመረች። ካንዱ አበባ ወደ ሌላው ስትል ዝንጀሮ እግሯን አየ። በቢጫ ዱቄት ተለውሷል።

«ያዝኳት! የሰረቀችው እግሯ ላይ ነው!»

«አያ ዝንጀሮ፣ እኔ ካልገባሁ እኮ ዱባ አታይም» አለችው።

«ጭራሽ ታስፈራራኛለች! የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ!» አላት። እንግዲህ ይህን የሚለው ማን እንደሆነ ልብ በሉልኝ።

ንብን አባሮ ገሣውን አወጣ፤ ያንን ለዝናብ የሚለበሰውን የሣር ካባ። ሲነጋ አበባውን ያለብሰዋል፣ ሲመሽ፣ ንብ ስትተኛ፣ ይገልጠዋል።

«ጌታዬ፣ እኔ የተሠራሁት ለዝናብ ነው፤ ለንብ አይደለም» አለው ገሣ።

«ዝም በል! አንተ ዘበኛ ነህ።»

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣» አለች ትርንጎ፣ «አበባ የሚያምረው ሲታይ ነው!»

«የታየ ነገር ይሰረቃል» አላት። እሱ ራሱም አበባውን በብርሃን ሳያየው ክረምቱ ወጣ።

መስከረም አልፎ ጥቅምት ገባ። ንብ ስትመላለስበት በከረመው በጉሬዛ ጓሮ ዱባው እዚህም እዚያም ተጋድሟል። ዝንጀሮ በቀን ብርሃን ገሣውን ቢገልጥ ቅጠልና ሐረግ ብቻ! አበባው ረግፎ በስብሷል። ልጆቹ ማልቀስ ጀመሩ።

«ተሰረቅሁ!» ብሎ ንብን ዳኛው አባ ኤሊ ዘንድ ከሰሳት። ምስክር ቁጠር ቢባል ገሣን ጠራ።

ገሣም፣ «ሐሰት አልናገርም፤ ከንጋት እስከ ምሽት ጠብቄያለሁ። አንድም ነገር አልገባም፣ አንድም ነገር አልወጣም» አለ።

«ሰማችሁ!» ብሎ ዝንጀሮ ደረቱን ነፋ።

አባ ኤሊ አንገቱን ቀስ አድርጎ አወጣ። «ሰማን እንጂ። ምንም አልገባም፤ ታዲያ ምን እንዲወጣልህ ኖሯል?» ሸንጎው በሙሉ አውካካ።

ትርንጎ ምን ታድርግ? ልጆቿን ይዛ፣ እያፈረች ጉሬዛ ደጅ ሄደች። ጉሬዛም ትልቁን ዱባ አንስቶ አሸከማትና፣ «ውሰጂ እህቴ። ግን ቱፍ ቱፍ ብዬበታለሁ፤ ለባልሽ ይስማማው ይሆን?» አላት።

ተስማማው! ልጣጩ እንኳ አልተረፈም።

ይኸው እስከ ዛሬ ዝንጀሮ ከሰው ማሳ ሲሰርቅ እየተገላመጠ ነው፤ የሚሰርቁት እየመሰለው። የእኔ ተረት እዚህ ላይ አለቀ፤ ዱባ የቀቀላችሁ ካላችሁ እኔን አትደብቁኝ። አበባውን ከንብ የደበቀ፣ ዱባውን ከጎረቤት ይለምናል።