ለአለምነው ያልተሰፈረ ስንዴ

ዘመኑ ሁለት ሺህ ስምንት ነው። የአምናው ክረምት ገባ፣ ደመናው ዞረ፣ ዝናቡ ግን ሳይመጣ ቀረ። አገሩ ሁሉ የእርዳታ ስንዴ ሊቀበል ሲወጣ አለምነውም ወጣ። የሚፈልገው አንድ ቁና ነው፤ ልጁ የሻረግ ከተኛችበት መነሣት አቅቷታል።

«ስፈርልኝ» አለው አዳዩን ጌትዬን።

«ለበሬ ሌባ? ሊቀመንበሩ ካላዘዘ አልሰፍርም።»

«እስሬን ጨርሻለሁ።»

«ሌብነቱንስ ጨረስህ?» ጌትዬ ሳቀ፤ ሰልፉም ሳቀ።

ምን ያድርግ? ወደ ሊቀመንበሩ ሄደ።

«ጋሼ ንጋቱ፣ ይዘዙልኝ። እርስዎ ካላዘዙ ጌትዬ አይሰፍር፣ ጌትዬ ካልሰፈረ የሻረግ አትበላ።»

«የአገር ሽማግሌው ስለ አንተ ቃል ካልሰጡ አላዝም። ለሌባ አበላ ልባል?»

ምን ያድርግ? ወደ ሽማግሌው ሄደ።

«አያ ታረቀ፣ ቃል ይስጡልኝ። እርስዎ ቃል ካልሰጡ ንጋቱ አያዝ፣ ንጋቱ ካላዘዘ ጌትዬ አይሰፍር፣ ጌትዬ ካልሰፈረ የሻረግ አትበላ።»

«በሬው የደብሬ ነበር። እሷ ካልማረችህ እኔ ምን አፍ አለኝ?»

ወደዚያ ደጅ መሄድ ከእስሩ ይልቅ ከበደው። ሄደ። አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

«እትዬ ደብሬ፣ ይማሩኝ። እርስዎ ካልማሩኝ አያ ታረቀ ቃል አይሰጡ፣ አያ ታረቀ ቃል ካልሰጡ ንጋቱ አያዝ፣ ንጋቱ ካላዘዘ ጌትዬ አይሰፍር፣ ጌትዬ ካልሰፈረ የሻረግ አትበላ።»



«አልማርሁህም» አሉ እትዬ ደብሬ። «መሬቴ ጦሙን ያደረው በአንተ ነው። ግን እኔ የከሰስሁት አንተን ነው፤ ልጅቱን ማን ከሰሳት? ደግሞስ እኔን ማን ጠይቆኝ ነው በስሜ እህል የሚከለክለው?»

ነጠላቸውን አጣፉ፤ ዱላቸውን ያዙ።

እትዬ ደብሬ ቢቆጡ አያ ታረቀ ቃል ሰጡ፤ አያ ታረቀ ቃል ቢሰጡ ንጋቱ አዘዘ፤ ንጋቱ ቢያዝ ጌትዬ ሰፈረ። ቁናውን አጉድሎ ነበር። እትዬ ደብሬ በዱላቸው ጫፍ ነካ አደረጉት፤ ሞላ።

አለምነው ስንዴውን ተሸክሞ ዞር ሲል ከኋላው ደሳለው ቆሟል። እሱም በቅርቡ ከእስር የተፈታ ነው።

«ለነፍሰ ገዳይ?» አለ ጌትዬ። «ሊቀመንበሩ ካላዘዘ አልሰፍርም።»

አለምነው ሰምቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ሚስቱ ስንዴውን ቀቀለች። የሻረግ ስትውጥ ቆሞ አየ። ራሱ ሳይቀምስ ተመለሰና መጋዘኑ ደጃፍ ከደሳለው ጎን ተቀመጠ።

«ድርሻህን ወስደሃል፤ ደግሞ ምን ቀረህ?» አለው ጌትዬ።

«የዚህ ሰውዬ» አለ አለምነው። አልተነሣም።