የጃርት ጽሑፍና የንጉሡ መዳፍ

አንድ ጊዜ፣ ከተራራ ግርጌ በሚገኝ ቆላ ውስጥ፣ ደግ አንበሳ ነግሦ ነበር። ደግ አንበሳ ስላችሁ አትሳቁብኝ። ሥጋ መብላቱን ይበላል፤ እሱ ተፈጥሮው ነው። ግን በነገሠ በመጀመሪያው ሳምንት እንስሳቱን ሁሉ ምንጩ ዳር ሰብስቦ እንዲህ ብሎ ነበር፦

«ምንጩ የሁላችንም ነው። ውሃ ሊጠጣ የወረደን ማንም አይነካውም፤ እኔም አልነካውም። አጠፋህ የተባለም ቢኖር፣ ጥፋቱ በአደባባይ ሳይነገረውና መልሱ ሳይሰማ አይታሰርም።»

ቃሉንም ጠበቀ። አሥር ክረምት ሙሉ ሚዳቋ ከነብር ጎን ቆማ ጠጣች። ዕድሜዋን በሙሉ ወደ ኋላዋ እያየች ውሃ ትጎነጭ የነበረችው አህያም አንገቷን ደፍታ እስክትጠግብ መጠጣት ለመደች። በዚያ አገር አንድ ልማድ ነበር። ጉልበተኛ ሲነሣበት ደካማው «በንጉሥ አምላክ!» ካለ፣ የተነሣው እጅ እዚያው ባለበት ይቆማል። ይህን ሰምቶ ያልቆመ የንጉሡ ጠላት ነው። አህያ በዚህች ቃል ሦስት ጊዜ ከጅብ አፍ አምልጣለች።

በአሥረኛው ዓመት እንስሳቱ ለንጉሣቸው ምን የምስጋና ስጦታ እንስጥ ብለው ተሰበሰቡ። ጅብ አንድ አጥንት ይዞ መጣ፤ ሥጋው ግን መንገድ ላይ አልቆ ነበር። አህያ ዘፈን እናውጣላቸው አለች። ሁሉም የመሰለውን ከተናገረ በኋላ ጃርት ተነሣ።

«እኔ ደግሞ ያን የመጀመሪያውን ቃላቸውን ምንጩ ዳር ባለው የኖራ ድንጋይ ላይ በእሾሄ ልጻፍላቸው እላለሁ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።»

ጉባኤው ተንጫጫ።

«ንጉሡን ልታስፈርማቸው ነው?» አለች አህያ፣ ጆሮዋን ቀስራ። «ምን በደሉህ? ደግን ፈርም ይሉታል?»

«ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ!» አለ ቀበሮ ከኋላ ሆኖ።

«እኔ እሳቸውን ጠርጥሬ አይደለም» አለ ጃርት። «እሳቸው የማያዩበት ቀን ይመጣል ብዬ ነው።»

«ዝም በል፣ ውለታ ቢስ!» አለችው አህያ፤ ሌሎቹም አጨበጨቡላት። ከዚያ ዘፈኑ ተዘፈነ፤ አህያ መሪ ነበረችና እንዴት እንደተዘፈነ አትጠይቁኝ። ጃርት ብቻውን ወደ ጉድጓዱ ሄደ። በአህያ አልፈርድባትም። ስሕተቷ ከክፋት ሳይሆን ከፍቅር የመጣ ነበር፤ ማንም ልብ ያላለውም ለዚህ ነው።

ያ ክረምት ሲወጣ የንጉሡ ክራንቻ ታመመ። መንጋጋው አብጦ፣ ዓይኑ ጠቦ፣ ከዋሻው መውጣት አቃተው። በማን አፍ ይናገር? ቀበሮ አንደበተ ርቱዕ ነው ተባለና አፈ ንጉሥ ሆኖ ተሾመ። ወዲያው ባዶ ግንድ እንደ ነጋሪት እየደበደበ በየሜዳው መዞር ጀመረ።

«ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ንጉሥ እንዲህ ብለዋል፦ ውሃ መጠጣት ከረፋድ በፊት ብቻ ነው!»

በሦስተኛው ቀን ግንዱ እንደገና ተደበደበ። ጅብ የምንጩ ጠባቂ ሆኗል! ሥጋን ለጅብ አደራ ይሰጧል? ግን ንጉሥ ካሉ ማን ይጠይቃል። እንስሳቱ እርስ በርስ ተያዩና አንገታቸውን ደፉ።

በሳምንቱ፣ ከቀትር በኋላ፣ ሦስተኛው አዋጅ መጣ፦ «ንጉሥ ታመዋልና ማንም ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዳይጮህ!» አዋጁ ተነግሮ ሳያልቅ ጅብ የአህያን ውርንጭላ በሐረግ አስሮ ምንጩ ዳር ካለው ሾላ ዛፍ ሥር አቆመው።

አህያ እየጋለበች ደረሰች።

«አያ ጅቦ! ልጄ ምን አደረገ?»

«አናፋ።»

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት። በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ ወዲያው ነው የራበኝ።»

«አዋጁ የተነገረው እኮ አሁን ነው! ጠዋት ያልነበረ አዋጅ እንዴት አድርጎ ይጥሳል?»

ጅብ አሰበ። ማሰብ ለጅብ ከባድ ሥራ ነውና ምራቁ ተንጠባጠበ።

«እኔ ምን አውቄ? አፈ ንጉሥ ያዝ አሉኝ፣ ያዝኩ። ፀሐይ ስትጠልቅ ብላው ብለውኛል፣ እበላዋለሁ።»

«ፍረድበት ነው ያልኩህ!» አለ ቀበሮ ከዛፉ ኋላ ብቅ ብሎ።

«አዎ፣ እሱን ነው ያሉኝ» አለ ጅብ። «እፈርድበትና እበላዋለሁ።»

የውርንጭላው አባት እዚያው ቆሞ ጆሮውን ያርገበግባል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የተባለው በከንቱ አይደለም። እናቲቱ ግን ከልጇ ፊት ተገትራ ባለ በሌለ ድምፅዋ ጮኸች፦ «በንጉሥ አምላክ!»

ጅብ ከልማዱ የተነሣ ቀጥ አለ። ግራ ገብቶት ወደ ቀበሮ ዞረ።

ቀበሮ ሳቀ። «የንጉሡ አፍ ማን ሆነና ነው? እኔው አይደለሁም? በእኔ አምላክ እኔኑ ልታስቆሚኝ ነው?» አላት። «ጅቦ፣ ጠብቀው። ፀሐይዋ ጥቂት ነው የቀራት።»

ያች ሦስት ጊዜ ያዳነቻት ቃል ከአፏ ወጥታ ባዶ ሆና ወደቀች። አህያ ዙሪያዋን ብታይ ጩኸቷን ሰምተው የተሰበሰቡት እንስሳት ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። ያኔ ጃርት ትዝ አላት፤ ሮጣ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመች።

«አባ ጃርት፣ በምን ዓይኔ ልይህ? ውለታ ቢስ ብዬህ ነበር…»

«ይቅርታውን በኋላ» አለ ጃርት እየወጣ። «ፀሐይ ቆማ አትጠብቀንም። ይልቅ ወደ ንጉሡ እንሂድ።»

የዋሻውን በር የቀበሮ ዘመዶች ይጠብቁታል። ንጉሥ ተኝተዋል፣ ማንም አይገባም አሉ። ጃርት አልተከራከረም። እሾሁን አቁሞ ጀርባውን ሰጣቸውና ወደ ኋላው እየተራመደ ገባ። የሚነካው አልተገኘም። አህያም ተከትላው ገባች።

አንበሳ ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ ተጋድሟል።

«ጃንሆይ» አለ ጃርት፣ «የአህያ ልጅ ይበላ ብለው አዘዋል?»

«እኔ? መቼ?» አለ አንበሳ። «ቆይ… ዛሬ ቀበሮ መጥቶ ስለ ጩኸት አንድ ነገር ነግሮኝ ነበር። ጥርሴ እየነዘረኝ ነበርና እንደ ወደድክ አድርግ፣ ብቻ ሂድልኝ አልኩት።» መዳፉን ከጉንጩ አወረደ። «እንግዲያስ ብያለሁ ማለት ነው። አንድ የታመመ ጥርስ ለአገር አዋጅ አወጣ!»

ንጉሡ ተነሣ። እየተንገዳገደ፣ ግድግዳውን እየተደገፈ ወጣ። ምንጩ ጋ ሲደርሱ ጅብ ከአሁን አሁን ጠለቀች እያለ ፀሐይዋን ሲያይ፣ በመሐሉ የውርንጭላውን ጀርባ አንዴ ላስ አድርጎ ሲቀምስ አገኙት።

«ፍታው!» አለ አንበሳ።

ጅብ ፈታው። ውርንጭላው ሮጦ ከእናቱ ሆድ ሥር ገባ። አህያ አነፈነፈችው፣ ቆጠረችው፣ ጆሮዎቹም ጅራቱም አሉ።

ቀበሮ ግን አልደነገጠም። «ጃንሆይ፣ እንደ ወደድክ አድርግ አላሉኝም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ጥፋቴ ምንድን ነው?»

እውነቱን ነው፤ ቃሉ ከንጉሡ አፍ ነበር የወጣው። አንበሳ ወደ ጃርት ዞረና «ያን ቃሌን ጻፈው» አለ።

ጃርት ከጀርባው አንድ ጠንካራ እሾህ ነቅሎ የኖራውን ድንጋይ ይፍቅ ጀመር። ምንጩ የሁሉ መሆኑን ጻፈ። ማንም ክሱ ሳይነገረውና መልሱ ሳይሰማ እንደማይታሰር ጻፈ። አህያ ከኋላው ሆና «አዋጅ ሳይነገር ለተሠራ ሥራ ማንም አይቀጣ የሚለውንም ጨምርበት» አለች፤ ጨመረበት። ከዚያ እሾሁ ቆመ።

«ጃንሆይ፣ አንድ ይቀራል። አልደፍርም እንጂ…»

«ድፈር።»

«ንጉሡም ከዚህ ቃል በታች ነው የሚል።»

አንበሳ ሊስቅ ሞከረና ጥርሱን ቆጠቆጠው። «ጻፈው» አለ። «ጎላ አድርገህ ጻፈው፣ ዓይኔ ደክሟል።» መዳፉን ጭቃ ውስጥ ነክሮም ከጽሑፉ ሥር አተመው። «እንግዲህ በንጉሥ አምላክ አትበሉ» አላቸው። «ንጉሥ ይታመማል፤ ይቆጣል፤ ያንቀላፋል። በሕግ አምላክ በሉ።»

ይህን ብሎ ሲዞር ዓይኑ ቀበሮ ላይ ዐረፈ። የጥርሱ ሕመምና ኀፍረቱ አንድ ላይ ግንፍል አሉበት። ዓይኑ ደም ለብሶ ያን ትልቅ መዳፉን ቀበሮ ራስ ላይ አነሣ።

«በሕግ አምላክ!» አለ ቀበሮ፣ መሬት ላይ ተለጥፎ።

መዳፉ አየር ላይ ቀረ። የድንጋዩ ዱቄት ገና ከጃርት እሾህ ላይ አልረገፈም።

«ይምቱት ጃንሆይ!» አለ ጅብ፣ የቀበሮ ባለሟልነቱን በአንድ አፍታ ረስቶ። «የተረፈውን እኔ አነሣለሁ!»

«ይምቱት!» አለ ጉባኤው። ከሁሉ በላይ የጮኸችው አህያ ነበረች። ልጇን ለጅብ የሰጠባት እሱ ነውና ማን ይፈርድባታል?

አንበሳ መዳፉን እንዳነሣ ነው፤ አያወርደውም፣ አይመልሰውም። አህያ ያን መዳፍ አየችው። ከዚያ ዝቅ ብላ ከሆዷ ሥር የተጠለለውን ልጇን አየች።

«አይምቱት» አለች።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«እጠላዋለሁ፣ ጃንሆይ። ዛሬ ልጄን ሊያስበላብኝ ነበር። ግን ይህ መዳፍ ለቀበሮ ካልቆመ ነገ ለልጄም አይቆምም።»

አንበሳ በረጅሙ ተነፈሰ። መዳፉን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አሳረፈው።

በማግሥቱ ቀበሮ በአደባባይ ተከሰሰ። ክሱ ተነገረው፣ መልሱም ተሰማ፤ ያውም እስከ ቀትር ድረስ። ስለ ራሱ ሲናገር ሁለቴ አለቀሰ። ከሹመቱ ተሻረ፤ ቆዳው ግን ደኅና ሆኖ ወደ ቤቱ ሄደ። ጅብም ከምንጩ ጠባቂነት ወረደ። «ታዲያ የታሰረውን ሁሉ ማን ሊበላው ነው?» ብሎ ከልቡ ተጨንቆ ጠየቀ፤ እስከ ዛሬም የመለሰለት የለም።

አህያ ንጉሡን ልታመሰግን ሄደች። «ልጄን አተረፉልኝ፣ ጃንሆይ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«እኔም ተርፌአለሁ» አለ አንበሳ። «ትላንት ቀበሮን በቁጣ ብገድለው ኖሮ፣ ዛሬ ሲቆጣ የሚገድል ንጉሥ ሆኜ ነበር የምነቃው። ከዚያ ከራሴ ያዳነኝ ያ የጃርት ጽሑፍ ነው። ሂጂ፣ ሁለታችንም የእሱ ባለዕዳ ነን።»

እሷም ወደ ጃርት ሄዳ ጀርባዋን ዝቅ አደረገችለት። «ውጣ፣ አባ ጃርት። ዕድሜ ልኬን የትም ልሸከምህ።»

ጃርት እሾሁን አየ፤ ጀርባዋንም አየ። «ምስጋናሽ ደርሶኛል» አላት። «ጀርባሽ ይትረፍ።»

አንበሳው በሚቀጥለው በጋ ሞተ። እንስሳቱ ከልባቸው አለቀሱለት። ቀድሞ በዚያ አገር ንጉሥ ሲሞት ሞቱ ይደበቅ ነበር። ወሬው ያፈተለከ ቀን ደካማው ወደ ጫካ ይሸሻል፤ ጉልበተኛው ምንጩን ይይዛል፤ አዲሱ ንጉሥ ምን ዓይነት እንደሆነ እስኪታወቅ ድረስ ስንቱ በጥማት ያልቃል። አሁን ግን ሞቱ በግልጽ ተነገረ። በቀብሩ ማግሥት ንጋት ላይ፣ አዲሱ ንጉሥ ገና አንድ ቃል ሳይናገር፣ ሁሉም እንደ ወትሮው ተራ በተራ ወደ ምንጩ ወረዱ፤ የአህያ ውርንጭላም ከእናቱ ቀድሞ ሮጠና አንገቱን ደፍቶ እስኪጠግብ ጠጣ።

ከዚህ የምንማረው፣ ለደግ ገዥ የሚሰጠው ትልቁ ምስጋና ደግነቱን በሕይወት ሳለ ሕግ አድርጎ መጻፍና፣ እሱንም ከእሱ በኋላ የሚመጣውንም ለወዳጅም ለጠላትም እኩል ከሚሠራው ከዚያ ሕግ በታች ማኖር እንደሆነ ነው።