ቆጣሪ የበዛበት ቧንቧ

አንድ ሰው ነበረ፤ የብርጭቆ ፋብሪካ ነበረው። ስልክህን አስቀምጥና ስማኝ አዳሙ። «ሚስቴን የት ዋልሽ፣ ከማን ጋር ነበርሽ ብላት ምን ክፋት አለው?» ብለህ መጥተሃል። የዳርኳችሁ ሽማግሌ ነኝና መልሱን ከዚህ ሰው ታሪክ ስማ።

የሰውየው ምድጃ የሚነደው በጋዝ ነበር። ጋዙ ከግቢው ዳር ካለው ማጠራቀሚያ መሬት ውስጥ በተቀበረ ረጅም ቧንቧ ይመጣል። የቀለጠ ብርጭቆ ቀንም ሌትም እሳት ይፈልጋል፤ እሳቱ ከጠፋ ብርጭቆው እዚያው ይደርቅና ምድጃውንም ይዞት ይጠፋል። ስለዚህ ሰውየው አንድ ታማኝ ምድጃ ጠባቂ ነበረው። እሳቱም ጠፍቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ታዲያ «ከማጠራቀሚያው የወጣው ጋዝ ሁሉ ምድጃው ይደርስ ይሆን?» የሚል ሐሳብ ገባው። ገባና አልወጣም። ቆጣሪ አስገጠመ። የዚህ ቆጣሪ ነገር እንዲህ ነው፤ ቧንቧው ውስጥ መሐሉ የተበሳ ላሜራ ይቆማል፤ ጋዙ በጠባቧ ቀዳዳ ተጨንቆ ያልፋል፤ ከላሜራው በፊትና በኋላ ያለው የግፊት ልዩነት ምን ያህል እንዳለፈ ይናገራል። ሳያጠቡ መቁጠር የለም ማለት ነው። አንድ ከሆነ ደግ፤ ቧንቧው ይችለዋል።

ሰውየው ግን እንቅልፍ አጣ። ቆጣሪው ቢዋሽስ? ሁለተኛ አስገጠመ። ሁለት ቆጣሪ ደግሞ መቼም እኩል አያነብም፤ ጥቂት ተበላለጡ። «አላልኩም! መሐል ላይ ሌባ አለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!» ብሎ ሌላ ጨመረ፤ በላዩም ሌላ። ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሮጥ ይውላል፤ ምሳውን እንኳ ቆሞ ነበር የሚበላው። ጋዙ በየቀዳዳው ሲታነቅ ኃይሉ ደከመ፤ ነበልባሉ አነሰ፤ የቆጣሪዎቹም መርፌዎች ወረዱ። መርፌዎቹ በወረዱ ቁጥር የሱ ጥርጣሬ ይብሳል፤ ጥርጣሬው በባሰ ቁጥር ቆጣሪ ይጨምራል። ምን ዓይነት መዓት ነው!

ምድጃ ጠባቂው ጨነቀው። «ጌታዬ፣ እሳቱ እየከሳ ነው፤ አንድ ነገር ያድርጉ» ብሎ ለመነ።

«ያከሳኸው አንተ ነህ! ጋዜን ለማን ነው የምትሰጠው?» አለና ያን ታማኝ ሰው በሌባ ስም አባረረው። በማግስቱ ሌላ ቆጣሪ ተከለ። እሳቱ ጠፋ።

ብርጭቆው ምድጃው ውስጥ ደረቀ። ሰውየው ሌባው የበሳውን ቀዳዳ አገኛለሁ ብሎ ዶማ ይዞ ቧንቧውን ከዳር እስከ ዳር ቆፈረ። ቧንቧው ደህና ነበር። ቢፈታታው ከራሱ ላሜራዎች በቀር የጋዙን መንገድ የዘጋ ነገር አላገኘም።

እንግዲህ አዳሙ፣ አንድ ጊዜ መጠየቅ ክፋት የለውም። ሚስትህ ስንዱ በፊት ሳትጠየቅ የቀኑን ሁሉ ታጫውትህ ነበር። ጠየቅሃት፤ መለሰች። መልሷን ከእህቷ አጣራህ። እህቷን ስላላመንክ ጎረቤት ጠየቅህ። ከዚያ ስልኳን በረበርክ። አሁን ዝም አለች፤ አንተም «የምትደብቀው ቢኖር ነው» ትለኛለህ። ልጄ፣ የልጅቷን አንደበት ያጠበብከው አንተ ነህ። ታሳዝነኛለህ፤ እሷ ግን ይበልጥ ታሳዝነኛለች።

ያ ሰው ነገሩ የገባው ምድጃው ከሞተ በኋላ ነው። ያንተ ቤት ገና አልፈረሰም። ተነሥና ሂድ። ዛሬ ስትገባ የት እንደዋለች አትጠይቃት፤ አንተ የት እንደዋልክ ንገራት።